ሁለቱ ሐጂዎች የታረቁ ዕለት

ሳሊሃ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኩባን ሣለች። ከላይ አሜሪካን፣ በወዲያኛው ጫፍ ቱርክን፣ ከቱርክ በላይ ሶቪየት ኅብረትን አስቀመጠች። ሥዕል አይሆንላትም፤ ኩባዋ የተረገጠ ቃሪያ መስላ ቀረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ይህንን አይተው ሲሳሳቁ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈቻቸው። ሌላ ቀን ቢሆን አብራቸው ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኗ ከሰሌዳው ይልቅ የእጅ ሰዓቷ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አባቷ ቤት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ሲነሡ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጇ ነጅዋ ከእሷ ጋር ትቀራለች ወይስ ገለምሶ ወደ አባቷ ዘመዶች ትሄዳለች የሚለው ነገር አብሮ ያልቅ ይሆናል። አባቷ «ልጅቷ አትነካም፤ አንቺ አርፈሽ አስተምሪ» ብለዋታል። አርፋ ልታስተምር መጥታለች፤ ማረፉ ነው እምቢ ያላት።

«ጥቅምት 1955 ዓ.ም.» አለች። «ሶቪየቶች የኑክሌር ሮኬት በድብቅ ኩባ አስገቡ። አሜሪካኖች ደረሱባቸውና ባሕሩን በመርከብ ዘጉት። አንዱ ቢተኩስ ሌላውም ይተኩሳል፣ ሁለቱም ያልቃሉ፤ ይህንን ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ። ዓለም አሥራ ሦስት ቀን ትንፋሿን ውጣ ቆመች።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ሁልጊዜው በቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ሶቪየት ሮኬቶቹን ከኩባ አነሣች፤ አሜሪካ ኩባን አልወርም ብላ ቃል ገባች፤ ቱርክ ውስጥ ያስቀመጠቻቸውን የራሷን ሮኬቶችም ድምጿን አጥፍታ አወጣች። ዓመት ሳይሞላ በሞስኮና በዋሺንግተን መካከል ቀጥታ የመልእክት መስመር ተዘረጋ። ቦምብ አየር ላይ መሞከር ይቅር ብለውም ተፈራረሙ። «ጠላትነታቸው አልጠፋም» አለች። «በሌላ ሰው አገር ላይ እየተገፋፉ ኖረዋል፤ የእኛም ሐረርጌ አንዱ ነበር። ግን ገደሉን ካዩ በኋላ መነጋገር ለመዱ።»

ከፊት ወንበር አንዲት ሻሿን እስከ ግንባሯ ያወረደች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኩባን ማን ጠየቃት?»

መጽሐፉ ላይ ለዚህ መልስ የለም። ሳሊሃ ወደ ኋላ ወንበር አየች። እዚያ ጋሽ መኮንን የተማሪ ዴስክ ውስጥ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ለዚህ ትምህርት ብላ በእንግድነት የጠራቻቸው ናቸው። ጋሽ መኮንን የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው። ከተማው ዶክተር እያለ ይጠራቸዋል፣ እሳቸውም ማረሙን ከተዉት ቆይተዋል። ወታደር አባታቸው በሶማሊያ ጦርነት ሲሞቱ፣ ገና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ከብዙ ወላጅ አልባ ልጆች ጋር በመርከብ ኩባ ተላኩ። እዚያ አድገው፣ እዚያ ተምረው ተመለሱ።

«ያሳደገችን መምህርት ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች» አሉ ሳይነሡ። «ባሕር ዳር ምሽግ ትቆፍር ነበር። እሷና ጓደኞቿ እንሞታለን ብለው ለእናቶቻቸው ደብዳቤ ጽፈው ኪሳቸው ከተዋል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሬዲዮ ተከፈተና ሮኬቶቹ ሊነሡ ነው ተባለ። ሁለቱ ተስማምተዋል። እነሱ ቤት የተቀመጠውን ዕቃ ለመውሰድ ለባለቤቶቹ የነገረ የለም። በሬዲዮ ነው የሰሙት።»

«ታዲያ አልተደሰቱም?» አለ አንዱ።

«ከሞት ተርፎ ማን ይከፋዋል? ተደስተዋል። ግን ለእኛ ስትነግረን፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ ልጆቹ ጦርነቱ ትዝ ብሏት የፈራች መስሎን ነበር። ተናዳ ነው ለካ።»

ሳሊሃ ጠመኔውን በጣቶቿ መካከል አገላበጠች። ደወሉ ተደወለ።

ነገሩን ከሥሩ መንገር ይሻላል። የሳሊሃ አባት ሐጂ ሱሌይማንና የቀድሞ ባሏ የኢዘዲን አባት ሐጂ ሚፍታህ በጎረምሳነታቸው ከስልጤ አገር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። በአንድ በረንዳ ላይ ጨርቅ ዘርግተው ጀመሩ፤ አላህ ሰጣቸውና ጭሮ ገበያ አጠገብ ጎን ለጎን መጋዘን ሠሩ። ሲሚንቶ ለመቆጠብ ብለው መካከል ላይ ያለውን ግድግዳ አንድ አደረጉት። ልጆቻቸውን አጋቡ። ልጆቹ ግን አልሆነላቸውም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሳሊሃና ኢዘዲን ያለ ጩኸት ተፋቱ፣ ነጅዋም እናቷ ጋ ቀረች። የተፋቱት ሁለቱ እያሉ የተኳረፉት አባቶቹ ሆኑ። አይ ሰው! አርባ ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች በአንድ ደጅ ገብተው ሰላም ሳይባባሉ ይወጡ ጀመር።

ባለፈው ወር ኢዘዲን ለማንም ሳይነግር ነጅዋን ከትምህርት ቤት በር ወስዷት ገለምሶ እናቱ ቤት ገባ። ናፍቃኝ ነው አለ፤ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን የሳሊሃ ታናሽ ወንድም ዓሊዩ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሄደና የኢዘዲንን ክንድ ሰብሮ ልጅቷን ይዟት መጣ። ሳሊሃ በሩ ላይ ቆማ ልጇን ከወንድሟ ክንድ ስትቀበል የተሰማትን ደስታ ዛሬ ስታስበው ታፍርበታለች። ከዚያ ወዲያ በዓሊዩ ላይ ክስ ተከፈተ። ሂርና ላይ የአንዱ የጭነት መኪና መስታወት ረገፈ። አንድ ጠዋት የሐጂ ሱሌይማን መጋዘን ጥበቃ በሩ ሥር ቤንዚን የሞላ ጀሪካን አገኘ። በማግስቱ በሐጂ ሚፍታህ በር ሥርም ተመሳሳይ ጀሪካን ተገኘ። ማን እንዳስቀመጣቸው አልታወቀም፤ ወይም ታውቋል፣ አይነገርም። በሁለቱም መጋዘን ውስጥ ያለው ጨርቅ፣ የስፖንጅ ፍራሽና የፕላስቲክ ጫማ ነው። ግድግዳው ደግሞ አንድ ነው።

ሁለቱ ሐጂዎች ከሰዎቻቸው ጋር ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ እያደሩ ይጠብቁ ጀመር። አንዱ የሌላውን ሳል ይሰማል። እንደዚህ ሆነው አሥር ቀን ያህል ከቆዩ በኋላ ሐጂ ሚፍታህ ስልክ ደወሉ። ምን እንደተባባሉ ባይታወቅም ጀሪካኖቹ ተነሡ፣ ጎረምሶቹም ወደየሥራቸው ተባረሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ በየቀኑ ይደዋወላሉ። ኮሽ ያለ ነገር ቢሰማ መጀመሪያ እርስ በርስ ሳይጠያየቁ ምንም ላያደርጉ ተማምለዋል።

ሳሊሃ ስህተቷን የሠራችው በዚያው ሰሞን ነው። በእነሱ ደንብ ሴት በሽማግሌዎች ፊት ቀርባ አትከራከርም፤ ወኪል ትሰጣለች። ውክልና ሁለት ዓይነት ነው፦ ወሰን ያለውና ክፍት የሆነው። ፖሊስ ዓሊዩን ሊወስደው ነው የተባለ ዕለት፣ ዳኛ ሆነው የተመረጡት ሼህ ሐሰን ሁለት ምስክር ይዘው መጡና «ውክልናሽ ወሰን አለው?» ብለው ጠየቋት። «የለውም፤ ክፍት ነው። አባቴ ያሉት ሁሉ የኔ ቃል ነው» አለች። ወንድሟን ብቻ ነበር የምታየው። «ከነጅዋ በቀር» ማለት ነበረባት። ሁለት ቃል ነው፤ ከአፏ አልወጣም።

በእረፍት ሰዓት እፀገነት ወደ መምህራን ክፍሉ መጣች። እፀገነት ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ነጅዋ የምትማርበት የአጠገባቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሻይዋን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምነው ሳሊሃ፣ እኛ አስቀይመንሽ ነው ልጅቷን የምታስወጫት?» አለች እየሳቀች።

«የትኛዋን ልጅ?»

«ነጅዋን ነዋ። አባትሽ ትናንት መጥተው መልቀቂያዋን ወሰዱ እኮ። ለገለምሶ ነው ብለው ትምህርት ቤቱን አስጻፉ። አንቺ የላክሻቸው መስሎኝ...» የሳሊሃን ፊት አይታ አቋረጠች። «አላወቅሽም እንዴ?»

ሳሊሃ ክው አለች። «አውቃለሁ» አለች ወዲያው። ለምን እንደዋሸች አታውቅም። ከጓደኛዋ ፊት ልጇን በመዝገብ ቤት በኩል እንደተነጠቀች ሴት መታየቱ አሳፈራት። እፀገነት ነገሩ ገብቷት ብዙ አልጠየቀችም። ጉልበቷን ዳበስ አድርጋ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ሳሊሃ ከዚያ ቀጥሎ የነበራትን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳስተማረችው አታስታውስም።

ስድስት ሰዓት ላይ በር ላይ ጋሽ መኮንን ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ወደ አስፋልቱ ቁልቁል አብረው ወረዱ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች በግራ በቀኝ እየተንጋጉ ያልፏቸዋል። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ሳሊሃ ቆመች።

«ጋሽ መኮንን፣ ያቺ መምህርት... ከዚያ በኋላ ምን አደረገች?»

«ምን ታደርጋለች? ደብዳቤውን ቀደደችና ሸንኮራ አገዳ ልትቆርጥ ሄደች። የመኸር ጊዜ ደርሶ ነበር።»

«በቃ?»

«በቃ።» ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። «እኔም እንዳንቺ በቃ ወይ ብያት ነበር። ‹ምን እንድል ነው የምትፈልገው፣ ጦርነት ይሁን ልበል?› አለችኝ። ያ ነው ያናደዳት መሰለኝ። እርቁ ጥሩ ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።»

ሳሊሃ ልትነግራቸው ፈለገች። ያለቅሱልኛል ብላ ሳይሆን፣ ለሰው ብትናገረው የሚቀላት መስሏት ነው። ባጃጅ አጠገባቸው ቆሞ ቀደማት። «አቦ ግቡ፣ ሞልቷል!» አለ ሹፌሩ ባዶ ወንበር እያሳየ፤ ገባች። ጋሽ መኮንን በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተው በእግራቸው ቀጠሉ።

አባቷ ቤት ስትደርስ ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና ቆሟል። አንዱ የሐጂ ሚፍታህ ነው። ጫማ በረንዳውን ሞልቶታል። ሐጂ ሱሌይማን ከቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውዱእ ያደርጋሉ፤ እግራቸውን እስኪያጥቡ ቆማ ጠበቀች። ለሶላት የሚታጠብ ሰው በነገር አይቋረጥም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የአባቷ ቁርጭምጭሚት እንዴት እንደከሳ አየች፤ ቁጣዋ ላይ ሐዘን ተጨመረበት።

«አባ፣ የነጅዋን መልቀቂያ ወስደሃል?»

ፎጣውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ከማን ሰማሽ?»

«ከመዝገብ ቤት።»

«ዛሬ ማታ ልነግርሽ ነበር።»

«ካለቀ በኋላ?»

ሐጂ ሱሌይማን እግራቸውን ጣት በጣት እየለዩ አደረቁ። «ልጅቷ አትነካም ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ስል እውነቴን ነበር። ወላሂ እውነቴን ነበር። ካሣውን ሁለት እጥፍ አደርጋለሁ አልኩ፤ ከመጋዘኑ ግማሹን ውሰድ አልኩት። ኢዘዲን ያለ ልጄ ክሱን አልተውም አለ። እናቱ ደግሞ ታለቅሳለች፤ የልጅ ልጅ ሌላ የላትም።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንድ ልጄ ስድስት ሰባት ዓመት እስር ቤት ሊገባ ነው። የሌላዋ ልጄ ልጅ ደግሞ ሁለት ሰዓት መንገድ ተሳፍራ አያቷ ቤት ልትገባ ነው። በዒድና በትምህርት መዝጊያ ትመጣለች። አንቺ እኔን ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

«ብጠየቅ ኖሮ እመልስ ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ» አሉ ሐጂ ሱሌይማን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን እንድትመርጪ ማድረግ አልፈለግኩም። በኔ ላይ ይሁን ብዬ ነው።»

ይህንን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ከሳሎኑ ሐጂ ሚፍታህ «ሱሌ፣ ውሃ ውስጥ ሰጠምክ እንዴ?» ብለው ሲጣሩ ፊታቸው ፈካ፤ ሊደብቁት አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም የጠራቸው ሰው አልነበረም። ሳሊሃ ይህንን አየች። አባቷ ጓደኛቸውን መልሰው አግኝተዋል። ልትጠላቸው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ሶላቱ ተሰግዶ ወንዶቹ በትልቁ ሳሎን ፍራሽ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። ጫቱ ተፈታ፣ ውሃው ተደረደረ። በመካከሉ ሼህ ሐሰን አሉ፤ ከሂርና በላይ ያሉ የኦሮሞ አዛውንት ናቸው፣ ለማንም የማያደሉ ተብለው ሁለቱም ወገን የመረጧቸው። ሴቶቹ ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለው ክፍል ተቀመጡ። የሳሊሃ እናት ዙለይኻ አሉ፤ የኢዘዲን እናትም አሉ፤ ለነጅዋ የገዙትን አዲስ ቀሚስ በፌስታል ይዘው። የኢዘዲን እናት ሳሊሃን አቅፈው ሳሟት። «እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት፣ ልጄ» አሏት። ሳሊሃ እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለች፤ እውነት መሆኑ ምንም አላቀለላትም።

ሼህ ሐሰን ስምምነቱን በዝግታ አነበቡ። ኢዘዲን ክሱን ይተዋል። ዓሊዩ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የሕክምናውን ይከፍላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ቅያሜ ሲነሣ ከስልክ በፊት እጅ አያነሡም። ነጅዋ ገለምሶ አባቷ ቤት ትኖራለች። የመጨረሻውን ሲያነቡ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ከሌሎቹ አንዱ ነው።

«ወኪል፣ ተስማምተሃል?»

«ተስማምቻለሁ» አሉ ሐጂ ሱሌይማን። ሦስት ጊዜ ተጠየቁ፣ ሦስቴም መለሱ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ሰለለ።

ከዚያ ሼህ ሐሰን እንደ ደንቡ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ከመጋረጃው ወዲያ ያላችሁ፣ ቅር ያለው አለ?»

ይህ ጥያቄ በየሽምግልናው ይጠየቃል። የሚመልስለት የለም። ጠያቂው አንድ ጉንጭ ውሃ እስኪውጥ ይጠበቅና «አልሐምዱሊላህ» ተብሎ ይታለፋል። ዙለይኻ የልጃቸውን አንጓ ያዙ፤ ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሳሊሃ በመጋረጃው ክፍተት ዓሊዩን አየችው። አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጀርባዋ ላይ አዝላ አሳድጋዋለች። የምትለውን ታውቃለች፦ «ውክልናዬን አንሥቻለሁ።» ይህንን ካለች ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሰኞ ዓሊዩን ይወስዱታል። ጀሪካኖቹም ይመለሳሉ።

«አለኝ» አለች።

ሳሎኑ ውስጥ ጫት የሚቀነጥሱ እጆች ቆሙ።

«ተናገሪ፣ ልጄ» አሉ ሼህ ሐሰን።

አፏን ከፈተች። ያሰናዳችው ቃል አልወጣም። በምትኩ ሌላ ወጣ። «ነጅዋ ተጠይቃለች?»

ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ «ሕፃን ናት እኮ» አለ። ሼህ ሐሰን ግን እጃቸውን አነሡ። «እውነቷን ነው። የሚሄደው ሰው አልተጠየቀም። ጥሯት» አሉ። ሳሊሃ ልቧ ዘለለ። ነጅዋ እናቷን ትመርጣለች፤ ማንንም ሳትከዳ፣ ምንም ሳታፈርስ፣ ነገሩ በልጅ አፍ ይመለሳል። እንደዚህ ብላ አሰበች። ለአንድ ደቂቃ ያህል ከልቧ አመነችው።

ነጅዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከጓሮ መጣች። አገጯ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ነበር። «ነይ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት ሼህ ሐሰን በአፋቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከፊታቸው ተንበረከከች።

«አትፍሪ። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ ወይስ እናትሽ ጋ ትቀሪያለሽ?»

ነጅዋ ወዲያው አልመለሰችም። ክፍሉን ዙሪያውን አየች። አያቷን አየች፤ ሌላውን አያቷንም አየች። ከግድግዳው ሥር የተቀመጠ አባቷን፣ ነጭ ጄሶ የታሰረ ክንዱን አየች። ዓሊዩን ረጅም ጊዜ አየችው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውን እናቷን ግን ማየት አልቻለችም።

«ከሄድኩ ዓሊዩ አይታሰርም?»

ኢዘዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አይታሰርም፣ የኔ እናት» አሉ ሐጂ ሚፍታህ።

«ሱቁም አይቃጠልም?»

የጀሪካኑን ነገር ለእሷ የነገራት አልነበረም። ትልልቆቹ በአጠገቧ እያወሩ ተኝታለች ያሉት ጊዜ ሁሉ ነቅታ ነበር ማለት ነው።

«አይቃጠልም» አሉ ሼህ ሐሰን። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«እሺ፣ እሄዳለሁ።»

«ማሻአላህ» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ከአያቷ ትበልጣለች፣ አላህ ያሳድጋት፣ ይህቺ ናት አስታራቂ አሉ። ሁለቱ ሐጂዎች ተነሥተው ተቃቀፉ፤ ሁለቱም አለቀሱ። ዓሊዩ የኢዘዲንን ጉልበት ሳመ። ዱዓው ተጀመረ፤ የወንዶቹ «አሚን» ቤቱን ሞላው። ከመጋረጃው ወዲያ ዙለይኻ የልጃቸውን እጅ ለቀቁ።

ሳሊሃ ዱዓ ለማድረግ የዘረጋችውን መዳፏን ታያለች። እስከዚያች ደቂቃ ነጅዋ የተወሰደች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን አድጋ «ለምን ሰጣችሁኝ?» ብትል ጥፋቱ የትልልቆቹ ነበር፤ አባቷ ሐጂ ሱሌይማን በኔ ላይ ይሁን ያሉት ለዚህ ነበር። አሁን ፈቅዳ የሄደች ልጅ ሆነች። በገዛ አፏ፣ በሃያ ሰው ምስክር። ይህንን ያደረገችው ደግሞ ሳሊሃ ናት። የራሷን ቃል ለመናገር ፈርታ፣ የማይቻለውን ሸክም አንሥታ በስምንት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አስቀመጠችው። «አሚን» ሳትል መዳፏን አጠፈች።

ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት ሲያበቃ የሐጂ ሚፍታህ መኪና በር ላይ ቆመ። መንገዱ ሳይመሽ ይሻላል ተባለ። ዙለይኻ የልጅቷን ልብስ በሻንጣ አሰናዱ፤ የኢዘዲን እናት ያመጡት ቀሚስ ረዝሞባት ጫፉን ሁለት ጊዜ አጠፉላት። ኢዘዲን ከፊት ወንበር ገብቶ በጄሶው ምክንያት ቀበቶውን ማሰር አቅቶት ሲታገል፣ ዓሊዩ ጎንበስ ብሎ አሰረለት። ሁለቱም አልተያዩም። ሁለቱ ሐጂዎች ከመኪናው ኋላ ቆመው የድሮ የመኪና ጉዟቸውን ያወራሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

ሳሊሃ ልጇን እጇን ይዛ እስከ መኪናው አደረሰቻት። ልትነግራት ያሰበችው ብዙ ነበር። ፀጉርሽን ራስሽ አትጎንጉኚ፣ አያትሽን አስቸግሪ፤ ሲከፋሽ ደውዪ። ቃል ብትተነፍስ የምታለቅስ ስለመሰላት ሁሉንም ተወችው። ነጅዋ የሆነ ነገር እያሰላሰለች ትሄዳለች። የመኪናው በር ጋ ሲደርሱ ቆመች። የእናቷን ቀሚስ ጎተተች፤ ሳሊሃ ዝቅ አለችላት።

«ኡሚ» አለች ነጅዋ በሹክሹክታ። «በደንብ መለስኩ?»

ሳሊሃ የልጇን ፊት አየች። አሥር ዓመት አስተምራለች፤ ይህንን አስተያየት ከየትኛውም ልጅ ፊት ላይ ታውቀዋለች። ጥያቄውን የፈራና መልሱን ያገኘው የሚመስለው ልጅ እንዲህ ነው የሚያየው። እውነቱን ልትነግራት ትችል ነበር። ልትነግራትና ልጅቷን ያንን ይዛ ሁለት ሰዓት መንገድ ልትልካት ትችል ነበር።

«በደንብ መለስሽ» አለቻት። «ጎበዝ።»

ነጅዋ ደስ አላት። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ መኪናው ውስጥ ገባች።